ሁለት ቦታ የተወለዱት ቀኛዝማች

ሰው ድሃ ከሆነ የሚወለደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቁት እናቱና አዋላጇ ናቸው። ትልቅ ሰው ከሆነ ግን የትውልድ ቦታው ከሞተ በኋላ ይባዛል። በሕይወት እያለ ቁራጭ መሬት የነፈገው አገር ሁሉ ተነስቶ «እትብቱ የተቀበረው እኛ ጋ ነው» ይላል። አንድ እትብት ስንት ቦታ ይቀበራል? እኔ ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህን የሚያስረዳው ትምህርት ምናልባት ዘጠነኛ ላይ ይሆናል።

የኛን ሰፈር የቆረቆሩት ቀኛዝማች ጥላዬ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን ስትወጡ ያለው ሰፈር በሳቸው ስም ይጠራል። እንጦጦ ላይ ምንጭ አግኝተው፣ ቦይ አስቆፍረው፣ ውሃውን እስከ ደጃችን ያወረዱ እሳቸው ናቸው። (ዛሬ እኛ ዘሮቻቸው ቢጫ ጄሪካን ይዘን ቧንቧ ሥር ተሰልፈን ፈረቃ እንጠብቃለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ በቃ፣ ወደ ነገራችን።) ቦዩን ማንም አይክድም። ጭቅጭቁ ከቦዩ በፊት ስላለው ነው። የት ተወለዱ? የማን ልጅ ናቸው? ልጅነታቸውን አየሁ የሚል የለም፤ ጺም አብቅለው፣ አካፋ ይዘው የተወለዱ ነው የሚመስለው።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ያለቀ ነው። የተወለዱት መንዝ ነው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ወጡ፤ አንድ ቀን ለምነው ሲመለሱ ውሻ አባረራቸውና ሲሮጡ እንጦጦ ደረሱ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሲያወራ የውሻውን ቀለም ሳይቀር ይናገር ነበር። ቀኛዝማቹ የአባቴ አያት ናቸው። እኔ አሁን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ክር አቀርባለሁ፤ ቀደም ሲል ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ሸጎሌ በግ አሻሽጫለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። የትም ብሠራ ግን የናቀኝን ሰው ሁሉ «የምትጠጣውን ውሃ ያመጣው የኔ ቅድመ አያት ነው» ብዬ በልቤ እገላምጠዋለሁ። የተማረ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እኔ ደረቴ ላይ ቀኛዝማቹን ሰቅያለሁ።

ታዲያ ቤዛን ወደድኩ። እሷ ባለ ዲግሪ ናት፤ እንጦጦ ሥር ችግኝ ታፈላለች። እሷም ወደደችኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መነካካት ጥሩ አይደለም። ሽማግሌ ላክሁ፤ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደረሰ፣ የንስሐ አባታችን፣ ሦስተኛ ደግሞ ቁጥር እንዲያሟላ አጎቴ። ጋሽ ደረሰን አደራ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ትምህርቴ ከጠየቁ ወሬ ይቀይሩልኝ አልኳቸው። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ እኔ ስንቱን የማይረባ ድሬያለሁ፤ አንተ ታቅተኛለህ?» ብለው አጽናኑኝ።

እኔ እንደ ደንቡ ታች ሱቁ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ሽማግሌ ቶሎ ከወጣ ወይ ነገሩ ሰምሯል፣ ወይ ግቢው ውስጥ ውሻ አለ። ጋሽ ደረሰ ፊታቸው ድንጋይ መስሏል። «እህትህን ነው የጠየቅንልህ» አሉኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። የቤዛ አባት ጋሽ ከበደ «ለመሆኑ ልጁ ምን ተማረ?» ይላሉ። ጋሽ ደረሰ በአደራዬ መሠረት ወሬ ይቀይራሉ። ወዴት ቀየሩት? «ትምህርትስ ማንም ይማራል፤ ዘሩን ልንገርዎት። የቀኛዝማች ጥላዬ ልጅ ነው!» ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ጋሽ ከበደ ከወንበራቸው ተነሱ። ቀኛዝማቹ የሳቸውም አያት ናቸዋ! «ለካ ዘመዶቼ ናችሁ!» ብለው ሦስቱንም እያገላበጡ ሳሟቸው። አጎቴ ሳይቀር እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ሁሉ ደስታ ያፈረሱት የንስሐ አባታችን ናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ትውልድ ቆጠሩ፤ በኔም ቢመጡ በሷም ቢመጡ አምስተኛው ጣት ሳይታጠፍ ቀኛዝማቹ ጋ ደረሱ። እስከ ሰባት ቤት ደግሞ ጋብቻ የለም። ስሞሹ እንዳለ ሰርጉ ቀረ።

በማግስቱ ቤዛን አገኘኋት። አባቷ ዘራቸውን ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉልን ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ጋሼ እኔን ይሰጥሃል፤ ቀኛዝማቹን ግን አይሰጥህም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንተስ? ትተዋቸዋለህ?»

እዚህ ላይ ቶሎ መመለስ ነበረብኝ። ግን አባቴ ትዝ አለኝ፣ ቦዩ ትዝ አለኝ፣ ያ ውሻ ትዝ አለኝ...

«እያሰብክ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ እንዴት እንደምተዋቸው ነው የማስበው» ብል ማን ይስማኝ! «በል ሂድ ቀኛዝማቹን አግባ!» ብላኝ ሄደች።

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ ብዬ አላካብድም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ሽማግሌዎቼን ሰብስቤ እንደገና ወደ ጋሽ ከበደ ቤት ወጣን። አግቢ አብሮ አይገባም፤ እኔ ግን ገባሁ። ዘመድ ነኛ!

ጋሽ ከበደ ታሪኩን ከሥሩ ይተርኩ ጀመር። ቀኛዝማቹ የተወለዱት ጎጃም ነው፤ በልጅነታቸው የነጋዴ በቅሎ እየነዱ መጡ፤ ቁመታቸው አጭር ነበር። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከቁመታቸውም የተነሳ በበር ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም ነበር» አልኩ። «አንተ ታስተምረኛለህ?» አሉ። ይሄኔ የንስሐ አባታችን ለሰላም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ምናልባት እኮ ሁለታችሁም ዘራቸው ላትሆኑ ትችላላችሁ» አሉ።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ጋሽ ከበደና እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማነው ያኔ ነው። እኩል ተነሳን፣ እኩል ጮኽን። እሳቸው «አባ፣ ይህን ነገር አይድገሙት!» ሲሉ፣ እኔ «አይድገሙት!» እላለሁ። ከዚህ ወዲህ አማች ያልሆንን መቼ ልንሆን ነው?

ነገሩ የመጣልኝም ያኔ ነው። ሚኒባስ ላይ የሠራ ሰው ለአንድ ሰው በተሠራ ወንበር ሁለት ሰው ማስቀመጥ አያቅተውም። «አባ፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይወለዳል?» አልኳቸው። አይወለድም አሉ። «አንድ ሰው አጭርም ረጅምም ይሆናል?» አይሆንም። «እንግዲያው ሁለት ቀኛዝማች ጥላዬ ነበሩ!»

ጋሽ ከበደ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና፣ «እሱስ... አጭሩ የኛ ናቸው» አሉ። የንስሐ አባታችን ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ጋሽ ደረሰ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸው። ግን ጋሽ ከበደ እንደዋዛ የሚለቁ ሰው አይደሉም፤ «ውሃውን ያመጡት ታዲያ የትኞቹ ናቸው?» አሉ።

ውሃው ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ? ውሻ ያባረረው ተማሪ ብቻ! ልጅቷን አሰብኩ፤ አሁን እንኳ ብዙ አላሰብኩም። «ምንጩን ያገኙት የርስዎ፤ ቦዩን የቆፈሩት የኔ» አልኩ። ሌላው ለጥሎሽ ቀሚስና ወርቅ ይሰጣል፤ እኔ ምንጭ ሰጠሁ።

ቤዛ ስትሰማ፣ «የምርህን ነው? ምንጩን ሰጠህ?» አለችኝ። የምሬን ነው አልኳት። «ቦዩንስ?» ቦዩን አልችልም አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «እሺ፣ ምንጩ ይበቃኛል» አለች።

ተጋባን። ሰፈራችንም አንድ ቆርቋሪ ከነበረው ሁለት አገኘ፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሰፈር ካለ አምጡና አሳዩኝ።

ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ሹክ ሊለኝ መጣ። የቤዛን ታናሽ እህት ወዷል። በልጁም ቤት ለካ ቀኛዝማቹ ቅድመ አያት ናቸው፤ ያውም ሰላሌ የተወለዱ። አንጀቴን በላው። «አይዞህ፣ የሰላሌው ሦስተኛው ናቸው» አልኩት። ፊቱ በራ። «እሳቸውስ ምን ሠሩ?» አለኝ። ጨነቀኝ። ምንጩ ተገኝቷል፣ ቦዩ ተቆፍሯል፤ ከዚህ በኋላ ምን ሥራ ይቀራል?

«ውሃውን ጠጡ» አልኩት።

ቅር ብሎት ሄደ። ማታ ግን እናቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወሩ ሰማኋቸው፦ «ሌላውማ አካፋ ይዞ ሲደክም የዋለ ነው! ያን ውሃ መጀመሪያ የቀመሱት የኛ ናቸው።»