ወርቅ የሚያሸት ሽቦ

(ረፋድ ነው፤ ቦታው የአንድ ቤት ጓሮ። ሰውዬው የብረታ ብረት መደብር ሻጭ ነው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ይሉታል፤ ማለትም እሱ ራሱ ነው እንዲሉት የሚፈልገው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚስቱን እናት ደጅ ረግጦ አያውቅም። ዛሬ ግን ሟቹ የሚስቱ አባት እዚህ ጓሮ ቀብረውታል የሚባለውን የወርቅ ሳጥን ላወጣ ነው ብሎ፣ ሥራውን በገዛ እጁ ለቅቆ፣ ወርቅ ያሸታሉ የተባሉ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ጨብጦ ከች ብሏል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ነገረ ሥራው ሁሉ ቀስ ስለሚል ሰፈሩ «ዝግታ» ይለዋል። እሱ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ይህን ጉድ ያያል።)

ሊቁ፦ የግራውን ሽቦ በግራ እጅ ነው የምታቀብለኝ አልኩህ!

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው።

ሊቁ፦ ላንተ! ይኼ ግራ ነው፣ ይኼ ቀኝ። የሸጠልኝ ባለሙያ በደንብ አስረድቶኛል።

ዝግታ፦ ቢቀያየሩስ?

ሊቁ፦ ወርቁ ይሸሻላ! አይ አንተ! ጎማ ስትነፋ ኖረህ ጭንቅላትህም ነፋስ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዝግታ፦ እሺ ጋሼ። ቀበቶዎን ግን ለምን ፈቱት?

ሊቁ፦ ዘለበቱ ብረት ነዋ! ሽቦ የያዘ ሰው ሌላ ብረት አጠገቡ አይደርስም። ሰዓቴንም ቁልፌንም አውልቄያለሁ። ሳይንስ ነው፣ አይገባህም። (ሽቦዎቹ ይጠላለፋሉ።) ይኸው! አየህ? ከተጠላለፉ ከሥራቸው ወርቅ አለ ማለት ነው! ተነስ ቆፍር!

ዝግታ፦ እኔ? ኪሴ ሙሉ ብሎን እኮ ነው።

ሊቁ፦ አራግፈዋ!

ዝግታ፦ ጥርሴስ? መንጋጋዬ በብረት ነው የተሞላው። ላስነቅለው?

ሊቁ፦ ኧረ በቃህ! ሂድ ወዲያ፣ ራሴ እቆፍራለሁ። ዶማውን አምጣ!

ዝግታ፦ ዶማው ብረት አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ (ዶማውን ራሱ አንስቶ) ዶማ... ዶማ ይፈቀዳል።

(ይቆፍራል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ የዛገ የሰርዲን ቆርቆሮ ይወጣል።)

ዝግታ፦ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሊቁ፦ አንተ ነህ! ቅድም ምን እያሰብክ ነበር?

ዝግታ፦ ምሳ።

ሊቁ፦ በለው! እኔ ወርቅ ሳስብ አንተ ሆድህን! ሽቦው እኮ የሰው ሐሳብ ይሰማል።

(ሌላ ጉድጓድ። የአልጋ ሞላ ይወጣል።)

ሊቁ፦ አሁንስ ምን አሰብክ?

ዝግታ፦ እንቅልፍ።

ሊቁ፦ ወይ ፈጣሪዬ፣ ከማን ጋር ነው ያጣመድከኝ! በቃ ምንም አታስብ!

ዝግታ፦ እሱ አይከብደኝም።

(ሦስተኛ ጉድጓድ፣ እስከ ደረት። ምንም የለም። ሊቁ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ዘጭ ይላል።)

ሊቁ፦ አለቀልኝ! አለቃዬን በሠራተኛ ሁሉ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ባለጠጋ ነኝ፣ ደህና ሁን» ብዬው ነው የወጣሁት። በምን ዓይኔ እመለሳለሁ? የት ገባ ይኼ ሳጥን?

ዝግታ፦ የአባዬ ሳጥን?

ሊቁ፦ የማን መሰለህ ታዲያ!

ዝግታ፦ እሱማ እዚያ፣ የልብስ ማጠቢያው ሥር ነበር። አባዬ ሳይሞት አሳይቶኛል። ካወጣሁት ሁለት ዓመት አለፈው።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ) ምን?! ይኼን ሁሉ ስቆፍር አፍህን ዘግተህ ታየኛለህ?

ዝግታ፦ እርስዎ እኮ የጠየቁት ሽቦውን ነው። እኔን መች ጠየቁኝ?

ሊቁ፦ ወርቁስ? ወርቁን የት አደረስከው?

ዝግታ፦ ለእማዬ ዓይን ማሳከሚያ ዋለ። እህቴ ልትነግርዎት ስትል «የእናትሽን ወሬ አታምጪብኝ» አሏት አሉ።

ሊቁ፦ ማለት... እማማ አሁን ያያሉ?

ዝግታ፦ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ከረፋድ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ቆማ እያየችዎት ነው።

ሊቁ፦ (ጉድጓዱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እየተሸሸገ) ውይ፣ ጉዴ ፈላ! ምን አሉ?

ዝግታ፦ ዓይኗ የጠፋው ከሠርጋችሁ በፊት ስለሆነ መልክዎን አታውቀውም። «ይኼ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። አማችሽ ነው ብዬ እንዳላሳፍርዎት፣ «የቀን ሠራተኛ ነው» አልኳት።

ሊቁ፦ እሳቸውስ?

ዝግታ፦ ወዳዎታለች ጋሼ። «ጎበዝ ቆፋሪ ነው፤ ሥራ ከሌለው ነገም ይምጣ» ብላለች።