ፊታውራሪ ማጣሪያ የሴቶቹን ቤት ሲዘጉ

ከተማ ያለ ዳኛ ይኖራል፤ ያለ ሐኪምም ቢሆን እየታመመ ይኖራል። ሸሪኮች ሲጣሉ ሒሳብ የሚያጣራ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። በየአገሩ አንድ አለ። ኮቱ አይወልቅም፣ እርሳሱ ከጆሮው አይወርድም፣ ሠርግ አይጠራም፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ በጎን እያየ "ይሄ ደግሞ ምን ሊቆጥር መጣ?" ይላል። የእናንተም ከተማ አለው። ካላወቃችሁት ከሸሪካችሁ ጋር ገና አልተጣላችሁም ማለት ነው።

የኛ የነቀምቴው አቶ ሀብተጊዮርጊስ ይባላሉ። መንግሥት ማዕረግ ቢነፍጋቸው እኛ ሰጠናቸው፤ ፊታውራሪ ማጣሪያ አልናቸው። ከሸዋ መጥተው የአንድ ግሪክ ነጋዴ ጸሐፊ ነበሩ። ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ ወዳገሩ ሲሄድ ሒሳቡን ያጣሩለት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልነኩም። አዲሱ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ሕጉን በብብታቸው ሸጉጠው ነው የሚዞሩት፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለራሳቸው ሳይሆን ለሱ ነው የሚዘረጉት።

ቅዳሜ በገበያ መሐል ሲያልፉ ብታዩ! ተኮራርፈው የቆሙ ሸሪኮች እሳቸውን ሲያዩ ወዲያው ይተቃቀፋሉ። አንዱ የሌላውን ትከሻ አቧራ ያራግፋል፣ ሌላው ያለ ነገሩ ይስቃል። ፊታውራሪም ባርኔጣቸውን አንሳ አድርገው "አካም ጅርቱ?" ይሉና ያልፋሉ። እሳቸው ጥግ ሲዞሩ ሰዎቹ ይላቀቃሉ።

አውቶቡስ ላይም ያው ነው። ወደ ሲሬ የሚወርዱ ቀን አንዱ የሲሬ ሰው ሳያፍር "ኦቦ ሀብተጊዮርጊስ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ሊያፈርሱ ነው?" ይላቸዋል። ኮስተር ብለው "እኔ ቤት አላፈርስም፤ የፈረሰውን ነው የምቆጥረው" ይላሉ። ከዚያ እስከ ሲሬ ድረስ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ይጠቅማችሁ ይሆናል፤ አያድርገውና። መጀመሪያ "ማጣሪያ" የሚባል አዲስ ገጽ ይከፍታሉ። የቤቱን ዕቃ በሙሉ ከየነበረበት ገጽ አውጥተው ወደዚያ ያሻግሩታል። ዕቃው ይሸጣል፤ የተሸጠበት ዋጋ በሌላው በኩል ይገባል፤ ትርፉም ሆነ ኪሳራው ለሸሪኮቹ ይካፈላል። ከዚያ ቅድሚያ ለውጭ ሰው ዕዳ ነው፤ ቀጥሎ ሸሪክ ለቤቱ ያበደረው፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ሲጀመር ያዋጣው። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን የሁሉም ገጽ ግራና ቀኝ እኩል ይመጣና በቀይ ቀለም ሁለት መስመር ይሰመርበታል። ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ሳንቲም ከቀረች መጽሐፉ አልተዘጋም። ዲጋ ላይ ባቻና ሞረዳ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴዎች ሲለያዩ አምስት ሳንቲም ተረፈች፤ ለሁለት አትከፈል ነገር። ሌላ ሰው ቢሆን "ይቅር" ብሎ ለለማኝ ይሰጣት ነበር። ፊታውራሪ ሸንኮራ ገዙባትና በክንዳቸው ለክተው እኩል ቆርጠው ሰጧቸው። ሁለት ጢማም ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ቆመው ሸንኮራ ሲያኝኩ የዲጋ ሰው እስኪበቃው ስቋል።

ያለቀሰባቸው ሸሪክም አለ። "አብረን ስንት አየን እኮ!" ብሎ ቢንሰቀሰቅ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው፣ "ስሜትህን በየትኛው በኩል ልጻፈው? በገቢ ነው በወጪ?" አሉት። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ ድርሻውን ተቀበለ።

ደግሞ ሸሪክ ከሸሪኩ ዕቃ እንዲገዛ አይፈቅዱም። ሁሉም ለውጭ ሰው ነው የሚሸጠው። "አንዱ የገዛውን ወንበር ሌላው ባየ ቁጥር ያኮርፋል" ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ክፍያቸው ነው። ከገንዘቡ የሚቀበሉት ለአፍ የሚበቃ አይደለም፤ በላዩ ላይ ግን አንድ ምሳ ይጠይቃሉ። ምሳውን ሁለቱ ሸሪኮች አብረው ነው መሥራት ያለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ከሠራው አይቀምሱትም። ለዚህ ነው አገሩ ሁሉ ሆዳም የሚላቸው። እኔም ብያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እንዲህ እያልኩ መንገደኛ ሳስቅ የኖርኩት እኔ ሐረግወይን፣ የኋላ ኋላ ራሴ አስጠራኋቸው።

ከድርቤ ጋር አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤትና አልጋ ነበረን። ስም አላወጣንለትም፤ አገሩ "የሴቶቹ ቤት" ይለው ነበር። እኔ ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ፣ ማርያምን ብዬ የምምል፣ ሰባቱንም አጽዋማት የምጾም ነኝ። ድርቤ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ሚሲዮን ተምራ ያደገች፣ እሑድ እሑድ መዝሙር የምትመራ። በአማርኛ የሚያዘውን እኔ አስተናግዳለሁ፣ በኦሮምኛ የሚያዘውን እሷ፤ ሒሳብ ላይ የሚጨቃጨቀውን ሁለታችንም እንወርድበት ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ያጣላን ጠጅ ነው። መንገደኛው እኛ ጋ በልቶ ለመጠጡ ማዶ ይሻገራል። አንድ ቀን "ድርቤ፣ ጠጅ እንጣል" አልኳት።

"ሐረጌ፣ ሰካራም የሚጮህበት ቤት ከመዝሙር አልመለስም" አለችኝ።

"ገንዘባችን እኮ ነው ማዶ የሚሻገረው!"

"ይሻገር።"

አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ተነታረክን። ሽማግሌ ገባ፤ የኔም ቄስ የሷም ቄስ ገቡ። ምን ያድርጉ? ሽማግሌ የሚያስታርቀው አጥፊ ሲኖር ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሲኖር ነው። እኔም ልክ ነኝ፣ እሷም ልክ ናት። እንደ ልክ ሰው አስቸጋሪ ደግሞ የለም።

በመጨረሻ "እንዝጋው" ተባባልን። እውነቱን ልናገር፣ የቤቱ መዘጋት አላስጨነቀኝም፤ ቤት ይገኛል። ያስጨነቀችኝ ድርቤ ናት። እህት አልወለደችልኝም እናቴ። ስታመም ያስታመመችኝ፣ ስናደድ የምትስቅብኝ እሷ ናት። ሒሳቡ ሲያልቅ ድርቤም አብራ እንዳታልቅብኝ ፈራሁ።

ፊታውራሪ መጡ። ዕቃችንን አውጥተው ግቢው ላይ ደረደሩት፤ አልጋ፣ አግዳሚ፣ ፋኖስ፣ ድስት። ገዢም ተሰበሰበ። ወልደገብርኤል ባለሱቁ አልጋዎቹን እየነቀነቀ "ይሄ እኮ ይንጫጫል" ይላል ዋጋ ሊያስቀንስ። ድርቤ ተቆጣች፤ "ተኝተህበት ታውቃለህ? ዝም ብለህ ግዛ!" አለችው። የሚሸጥ ዕቃዋን ሲነኩባት አልወደደችም።

ከድስቶቹ ሲደርሱ ፊታውራሪ አንዱን ጥቁር ድስት አነሱ። "ይሄስ ለምን ለብቻው ተቀመጠ?"

"የጾም ድስት ነው፤ ቅቤ አይነካውም" አልኳቸው።

"ማን ነበር የሚይዘው? አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" አለች ድርቤ ከኋላ።

ፊታውራሪ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። "አዴ ድርቤ፣ አንቺ አትጾሚም አይደል?"

"አልጾምም። እሷ ግን ትጾማለች። ሲቸኩላት ማንኪያ ታምታታለች፤ ላስገድፋት ነበር እንዴ?"

አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጾሜን የጠበቅኩት እኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ድስቴን ደብቃ የምታጥበው፣ ማንኪያዬን የምትቀይረው እሷ ናት። ፊታውራሪ እርሳሳቸውን አነሱ፣ መልሰው አወረዱት። "ይሄን በየትኛው በኩል ልጻፈው?" አሉ። እንደ ሁልጊዜው ሰው ዝም ለማሰኘት አልነበረም፤ ቸግሯቸው ነው የጠየቁት። ድስቱ ለአንዲት የአርጆ ሴት ተሸጠ።

ማታ ማታ የሚያነቡት ሕጋቸው ደግሞ የቤት መልካም ስምም ዋጋ አለው ይላል። "ይህን ቤት አገር ያውቀዋል። ከሁለት አንዳችሁ በስሙ መሥራት ከፈለጋችሁ ለሌላዋ ድርሻዋን ትክፈል። ስንት ትሉታላችሁ?" አሉን። እኔ ዋጋ ልጠራ አፌን ስከፍት ድርቤ ቀደመችኝ።

"ስሙ ይቅር። አንዲት ሴት ብቻዋን የሴቶቹ ቤት አትባልም።"

ፊታውራሪ ስሙን ኪሳራ ብለው መዘገቡት።

የሥጋው፣ የእንጨቱ፣ የጤፉ ዕዳ ተከፈለ። እኔ ለጣሪያው ያበደርኩት ተመለሰልኝ፤ የየድርሻችንን ወሰድን፤ ሣጥኑ ባዶ ሆነ። ምሳው ቀረ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ድስት ደግሞ የለንም፣ ሸጠነዋል! ከጎረቤት ተዋስን። ባዶ ማዕድ ቤት ውስጥ ድርቤ አንጮቴውን፣ ያን እንደ ድንች ያለ ሥር፣ ያለ ቅቤ ቀቀለች፣ እኔ ሽሮውን ያዝኩ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እጄን ስዘረጋ ግን ጨው ይቀመጥበታል፤ እሷ ዞር ስትል ቢላው እጇ ላይ ነው። እኛ ተኮራርፈን እጆቻችን አልተኮራረፉም። ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሷም ሽንኩርት ሳትነካ አለቀሰች።

ፊታውራሪ በሉ። ተዉአቸው፣ ደህና አድርገው በሉ። ታጥበው ሲያበቁ መጽሐፉን ዘረጉ፣ ቀዩን ቀለም ከፈቱ፣ ከዚያም "የሚቀር ነገር አለ?" አሉ።

ድርቤ የተዋስነውን ድስት ማጠብ ያዘች፤ እኔ ፍርፋሪ ለቀምኩ።

"ሁለታችሁም 'የለም' ካላላችሁኝ መስመሩን አላሰምርም።"

ውጭ የሲሬው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ነገ በጠዋት ሲሬ ላይ ሌሎች ሸሪኮች ይጠብቋቸዋል፤ ደግሞ አውቶቡስ አምልጧቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። ረዳቱ በሩ ላይ መጥቶ "ኦቦ ሀብተጊዮርጊስ፣ እየሄድን ነው!" አለ። ዞር ብለውም አላዩት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ድርቤን ያያሉ። እኔ ድርቤን አያለሁ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ጠጁ ገደል ይግባ ልል ነበር። እሷም እኔን ታያለች። እሷ ምን ልትል እንደነበር እግዜር ይወቀው። አውቶቡሱ ደግሞ ነፋ፤ ከዚያ ድምፁ ቁልቁል እየራቀ ሄደ።

"የለም" አልን። እንደ ልማዳችን፣ በአንድ አፍ።

ፊታውራሪ መስመሩን አሰመሩ። ቀለሙን ሲከድኑ ቆዩና፣ "ሐረግወይን፣ እኔ ይህን ምሳ ርቦኝ የምጠይቅ ይመስልሻል?" አሉኝ። አፈርኩ። "አርጆ ላይ ወፍጮ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች ምሳውን አብልተውኝ 'የሚቀር አለ?' ብላቸው፣ ትንሹ 'አለ' ብሎ መጽሐፌን ቀምቶኝ እሳት ውስጥ ከተተው። ያለ ክፍያ ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

ድርቤ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ግን ቀዩ መስመር ገና አልደረቀም ነበር፤ ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም። ለፊታውራሪ ማደሪያ እንኳ ማቅረብ አልቻልንም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶቹ ቤት ለመንገደኛ አልጋ አጣ። መሐላችን አድርገን ወደ ማዶው ሆቴል ሸኘናቸው። እዚያ ድርቤ እጄን ጨብጣ "ነጋቲ፣ ሐረጌ" አለችኝና ሄደች። በሳምንቱ ወንድሟ ዘንድ አርጆ ገባች። ገበያ ስትመጣ እንሳሳማለን፤ ልጆቼን ትጠይቀኛለች፣ እናቷን እጠይቃታለሁ፤ እንደ ጨዋ ሰው።

እኔ ጠጄን ጣልኩ። ይሸጣል፣ ምን ጎደለብኝ! ፊታውራሪ ማጣሪያን ግን እኔ ቤት ውስጥ ሆዳም የሚል ሰው ብርሌውን አስቀምጦ ይወጣል። ከመንገድ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። ጠጅ አይቀምሱም፤ ምሳ አቀርብላቸዋለሁ፤ ብቻዬን የሠራሁትን ይበሉልኛል፤ ይህን ለማንም አድርገው አያውቁም። በልተው ሲያበቁ ባርኔጣቸውን አንስተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ያችን 'የሚቀር አለ?' የምትለዋን ጥያቄ ግን አይጠይቁኝም። ቢጠይቁኝ አሁን የምመልሰውን አውቃለሁ።