ቆላ የማይስማማው ኮምፒውተር

ሌሊቱን ሙሉ ያሰቃየን ጥርስ ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ለምን ጸጥ ይላል? ይህ አመል የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። መኪናም እንዳለባት የተማርኩት በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሹፌር ሳለሁ ነው።

መኪናዋ አዲስ ናት። ሞተሯን የሚያዝ ኮምፒውተር አላት ተባልን። ኮምፒውተርን ያኔ በስም እንጂ በዓይን የሚያውቀው ማን ነበር? የኛው ከዳሽቦርዱ ሥር የተሸጎጠ ትንሽ የብረት ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ስትግል ሞተሩ ድርግም ይላል። አዲስ አበባ ጋራዥ ልወስዳት ብርዳሙን ጣርማ በርን ሳልፍ ግን ጤነኛ ናት። መካኒኮቹም ፈትሸው ችግሩ ከነጂው ነው ብለው ይመልሱኛል።

ስለዚህ ራሴ ልመረምራት ቆረጥኩ። ሬዲዮ መነካካት ስለምወድ ኤሌክትሪክ የምለካበት ቴስተር ነበረኝ። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ሽቦ ለሽቦ እየለካሁ አንድ ነገር ደረስኩበት፤ ወደ ሳጥኑ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ከሳጥኑ ወደ ቤንዚን ፓምፑ ግን ትእዛዝ አይወጣም። ለምን? እሱን አላወቅሁም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰዓዳ ምጥ ጠናባትና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዳደርሳት ተላክሁ። ገና ከከተማው ወጣ ስንል መኪናዋ ቆመች። ሰዓዳ ከፊት ወንበር ላይ ታቃስታለች፤ እናቷ አጠገቧ ተጣበው በሰሌን ማራገቢያ ያራግቡላታል። እኔ ከሥራቸው ተንበርክኬ ሳጥኑን እለካለሁ። ድንገት የማራገቢያው ነፋስ ወደኔ ሲመጣ የቴስተሩ ቀስት ብድግ አለ። ነፋሱ ሲርቅ ተመልሶ ወደቀ። ለካ ሳጥኑ ሙቀት አይችልም!

"እትዬ ዘሀራ፣ እባክዎ ወደዚህ ያራግቡልኝ" አልኳቸው።

"ልጄ በጭንቅ ላይ ሆና እኔ ለቆርቆሮ ላራግብ?" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሳጥኑ ሲበርድ ሞተሩ ይነሳል አልኳቸው። ለራሴም የገባኝ ገና አሁን ነው።

ሰዓዳ ላቧን እየጠረገች፣ "እማ፣ ለሱ አራግቢለት፤ እኔ እችላለሁ" አለች።

ሞተሩ ተነሳ። እትዬ ዘሀራ ዱዓ እያደረጉ ያንን ዳገት ሁሉ ለኮምፒውተር አራገቡ። ደጋው ሲቀበለን ማራገቢያውን ጥለው ነጠላቸውን ለልጃቸው ደረቡላት። ሰዓዳ ሆስፒታል በደረሰች ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች። "አልሀምዱሊላህ" ብለው እትዬ ዘሀራ ግንባሬን ሳሙኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ስመለስ ሳጥኑን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲግል እየለካሁ፣ ሲበርድ እየለካሁ ቆይቼ አንዲት የብየዳ ነጥብ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። በሬዲዮ መበየጃዬ አቅልጬ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በየትኛውም ቀትር ቆማ አታውቅም።

ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ በሠራተኛው ፊት አስጨበጨቡልኝ። እንዲህ ያለች አስተማማኝ መኪናማ ለዋናው መሥሪያ ቤት ትገባለች ብለው አዲስ አበባ ላኳት። ለኔ በምትኳ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ ያላለፈ አሮጌ ፒክአፕ ሰጡኝ። እሷ እንኳ አታዳላም፤ ቆላም ደጋም እኩል ትቆማለች።