ማርማላታ ባለማቀበል ስለቀረበው ክስ

ቀን፦ ዓርብ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1934
ቦታ፦ የስታላርድ ልጃገረዶች አዳሪ ቤት የጫማ ክፍል (አዳራሹን መዘምራን ስለያዙት)
የተገኙ፦ ሮዛመንድ ታክሬይ፣ የቤቱ አለቃና ሰብሳቢ፤ ዊኒፍሬድ ባግሾ፣ የስፖርት አለቃ፤ ሔስተር ፔል፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፤ ኢኒድ ክራብትሪ፣ ጸሐፊ

በደንቡ መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው አራት ሰው ሲገኝ ነው። አራት ስለሆንን ሞልቷል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ማሳወቅ ያለብኝ ይመስለኛል። በተራ ቁጥር ሦስት የተከሰሰችው እኔ ነኝ። ጸሐፊነቱን የተቀበልኩትም ጸሐፊ መናገር አይጠበቅባትም ስለተባልኩ ነው። ቢሆንም ሳላዳላ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

1. የቤቱ ታሪክ

ሔስተር ለሃምሳኛው ዓመት በዓል የጻፈችውን ታሪክ አነበበች። መሥራቿ ሚስ ስታላርድ ትምህርት ቤቱን በሟች ወንድማቸው ቤት፣ በሰባት ልጃገረዶችና በአንድ የተሰነጠቀ ፒያኖ እንደጀመሩ፤ ቀዝቃዛ አየር አእምሮን ያሰፋል ብለው የመኝታ ክፍሉ መስኮት በብርዱ ወራትም እንዳይዘጋ እንዳዘዙ፤ «ጨዋ ልጅ ማዕድ ላይ አምጡልኝ አትልም፣ ጎረቤቷ አይታ ታቀብላታለች» የሚለውን ሥርዓት እንዳቆሙ፤ በመጨረሻም በሳንባ ምች እንደሞቱ ተገለጸ።

ሰብሳቢዋ የሳንባ ምቹ ከመስኮቱ ጎን መነበቡ ወላጆችን ሊያስደነግጥ እንደሚችል አሳሰበች።

ሔስተር «ታዲያ ምን ልበል? በደስታ ሞቱ ልበል?» ስትል ጠየቀች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሚስ ስታላርድ በታሪኩ ውስጥ እንዳይሞቱ ተወሰነ።

2. መስኮቱ

ዊኒፍሬድ አልጋዋ መስኮቱ ሥር መሆኑንና ማክሰኞ ጠዋት በቤት ጫማዋ ውስጥ በረዶ ማግኘቷን ገለጸች። «እናንተማ በሩ ጋ ተሸጉጣችሁ ተኙ! እኔ እኮ እንዳይበላሽ በረዶ ላይ እንደተጋደመ ዓሣ ነው የማድረው!» አለች።

ሰብሳቢዋ ልማዱ ሃምሳ ዓመት የጸና መሆኑን አስታወሰች። ዊኒፍሬድ፣ ሚስ ስታላርድ አሁን ከሞት ስለዳኑ የመዳኑ ተራ የእሷ መሆኑን ገልጻ፣ የሆኪ ዱላዋን ወለሉ ላይ መታች።

መስኮቱ ከዛሬ ጀምሮ እንዲዘጋ ተወሰነ። የጸሐፊዋ ድምፅ አልተጠየቀም፤ ደስታዋ ግን ይመዝገብ።

3. ክሱ

ሮዛመንድ ራሷ ከሳሽ ስለሆነች ከሰብሳቢነት ወንበር ወርዳ የጫማ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ቁርስ ላይ ከጸሐፊዋ በስተቀኝ እንደምትቀመጥ፣ ማርማላታው ከጸሐፊዋ በስተግራ እንደሚቀመጥ፣ በዚህም ምክንያት ከመስከረም ጀምሮ ደረቅ ዳቦ ስትበላ መቆየቷን አስረዳች።

«አስልኩ። ቃተትኩ። በመጨረሻ እሷም በተራዋ ታስታውሰኝ ይሆናል ብዬ፣ በየቀኑ 'ኢኒድ፣ ጨው ትፈልጊያለሽ?' እላታለሁ። ታዲያ ይገባታል? ጨዉን ተቀብላ ገንፎዋ ላይ ትነሰንሳለች!»

ዊኒፍሬድ «ለምን ዝም ብለሽ አቀብዪኝ አትያትም?» አለች።

ሮዛመንድ «የቤቱ አለቃ ሆኜ ልለምን?» ስትል መለሰች።

ጸሐፊዋ መከላከያ እንድታቀርብ ተጠየቀች። አላቀረበችም። (መከላከያው ይህ ነው፦ ለማቀበል መጀመሪያ ዞሮ «ማርማላታ ትፈልጊያለሽ?» ማለት ያስፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ እለማመደዋለሁ። ማዕድ ላይ ስቀመጥ አንደበቴ ይያዛል። ጨዉንም አልፈልግም ማለት ስለሚያቅተኝ ነው የምበላው።)

ዊኒፍሬድ፣ ጸሐፊዋ እስከ ገና ዕረፍት ድረስ በዝምታ እንድትቀጣ፣ ማንም እንዳያናግራትና በማንኛውም ቦታ እንደሌለች እንድትቆጠር ሐሳብ አቀረበች።

ሔስተር «ኧረ እሷን ድሮስ ማን ያናግራታል? ቅጣት መሆኑን በምን ታውቃለች?» አለች።

በምን እንደማውቅ ልመዝግብ። መብራት ሲጠፋ ሔስተር «ደህና እደሪ፣ ክራቢ» ትለኛለች። ሌላ የሚለኝ የለም።

ድምፅ ተሰጠ። ሁለቱ እጃቸውን ሽቅብ አነሡ። የሔስተር እጅ እስከ ጆሮዋ ብቻ ደረሰ፤ እንደ ሙሉ ተቆጠረ። የሚቃወም እንዳለ ሲጠየቅ ጸሐፊዋ እጇን ማንሣት አልቻለችም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

4. ከአጀንዳ ውጪ

ጸሐፊዋ ውሳኔውን ጽፋ ስትጨርስ የተገኙትን ስም ለማስተካከል ወደ ገጹ አናት ተመለሰች። ስሞቹን ቆጠረች። ከዚያም «ይቅርታ… እኔ ከሌለሁ እኮ ሦስት ናችሁ» አለች።

ዊኒፍሬድ «ማን ነው የተናገረው?» አለች።

ሔስተር «ማንም። እሷ የለችም» አለች።

«ልክ ናት እኮ ግን!» አለች ዊኒፍሬድ።

«ማን?»

ሮዛመንድ ከጫማ ሳጥኑ ተነሣች። ሦስት ከሆኑ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሞላ፣ ካልሞላ ቅጣቱ እንደማይጸና፣ ካልጸና ጸሐፊዋ እንዳለች፣ ካለች አራት እንደሚሆኑ፣ አራት ከሆኑ ቅጣቱ እንደሚጸና፣ ከጸና ደግሞ ጸሐፊዋ እንደሌለች አብራራች። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ዊኒፍሬድ ራሷን እንዳመማት አስታወቀች።

የሻይ ደወል ተደወለ። ሮዛመንድ ወደ ሰብሳቢነት ወንበሯ ተመልሳ፣ እንድትኖር ወይም እንዳትኖር ገና ያልተወሰነላትን ጸሐፊ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ክራብትሪ፣ ይሄን ሁሉ አፍ ይዘሽ ነው አንዲት ማርማላታ ያቃተችሽ?» አለቻት።

ጸሐፊዋ «አዎ» አለች።

ሰብሳቢዋ ሳቀች። ሳቋ በጉባኤው ስም ይሁን በግሏ አልተገለጸም።

ሻይ እየቀዘቀዘ በመሆኑ፣ ይህ ስብሰባ እንዳልተካሄደ እንዲቆጠርና የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር ተወሰነ።

ዊኒፍሬድ «መስኮቱም?» አለች።

«መስኮቱም።»

«ሚስ ስታላርድም?»

«ይሞታሉ» አለች ሔስተር፣ ወረቀቷን እያጠፈች።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። በሩ ላይ ሔስተር «ነይ እንጂ ክራቢ፣ ኬኩን ሊጨርሱት ነው» አለችኝ።

ነገ ቁርስ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሮዛመንድ እዞራለሁ። ቃሉ ከወጣልኝ እናገራለሁ። እምቢ ካለኝም ማርማላታውን አንሥቼ ሳህኗ አጠገብ አኖረዋለሁ። ጨዉን ግን አልፈልግም እላታለሁ።