የግድግዳው አፍንጫ

ደባርቅ ውስጥ ንፋስ የማይገባው ቤት አለኝ የሚል ሰው ከገጠመህ፣ ወዳጄ፣ ወይ ቤቱን ሊሸጥልህ ነው፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የእኛ ንፋስ ከተራራው ሲወርድ በር አያንኳኳም። በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል፣ በደፍ ሥር ይገባል፣ ጋቢህ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጉልበትህ ላይ ቁጭ ብሎ ያድራል።

እኔ ሙጬ ጭቃ መራጊ ነኝ። አባቴም ጭቃ መራጊ ነበር። ወሬ አላበዛም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ባለቤቴ ይታይሽ ግን «ዝንቡስ ባይገባ፣ በተሰነጠቀ ግድግዳ ብርድ ይገባል» ትላለች። ስለ ገዛ ቤታችን መሆኑ ነው። ዕድሜዬን የሰው ቤት ስመርግ ኖሬ፣ የራሴ ግድግዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ስትለኝ ስንት ዓመቷ! የእኔም መልስ አንድ ነው፦ «ቤት መተንፈስ አለበት።» ሌላ አልጨምርም። ምን ይጨመራል?

ነገሩ የተነሳው ሰይድ ከፓርኩ ደጃፍ፣ ቡይት ራስ ላይ የቱሪስት ማደሪያ ልሥራ ያለ ጊዜ ነው። ሰይድ ደባርቅ ገበያ ላይ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ ይሸጣል። ሲሚንቶ ሻጭ የጭቃ ቤት ሲያሠራ አይተህ ታውቃለህ? ወዶ አልነበረም። ፈረንጆቹ የሲሚንቶ ቤት አገራችንም ሞልቷል፣ የአገሩን ቤት አሳዩን ይላሉ አሉት። ዘጠኝ ክፍል በድንጋይና በጭቃ ሊሠራ ታሰበ። የመጀመሪያውን እኔ መረግኩት። የጤፍ ጭድ ከቆላ አስመጥቼ፣ ጭቃውን ሁለት ሳምንት አቡክቼ፣ በእግሬ ረግጬ፣ በመዳፌ ለስኜ። እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው የወጣው። ስምንት ክፍል ቀረ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባው ሸሪኩ አንድ ነገር አመጣ። በፓርኩ ደጃፍ እንጨት እየማገዱ ቤት ማሞቅ የለም፣ ቤቱ ራሱ ሙቀት መያዝ አለበት አለ። ባለሙያ ልኬ አስመረምራለሁ፤ ክፍሉ ፈተናውን ካለፈ ስምንቱም በጭቃ ይሠሩ፣ ከወደቀ በሲሚንቶ አለ። ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ሐዘን አላየሁበትም።

ለእኔ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። አገሩ ሁሉ ወደ ብሎኬት ዞሯል። የጭቃ ሥራ የሚጠራኝ በዓመት አንድ ሰው ቢገኝ ነው። ስምንቱ ክፍል ቀረ ማለት እጄን አጣጥፌ ቁጭ አልኩ ማለት ነው። ያም ይቅር። የሙጬ ጭቃ በማሽን ተመርምሮ ወደቀ ከተባለ ግን በየትኛው መንገድ ነው ገበያ የምወጣው?

ባለሙያዋ መጣች። ትዕግስት ትባላለች፤ ኢንጂነር ናት። የልጅ ልጄን ታክላለች። ከሁለት ሻንጣ ውስጥ እቃ አወጣችና በሩን በቀይ ሸራ ወጠረችው። ከሸራው ግርጌ ትልቅ ማራገቢያ ገጠመች። ጀነሬተር ተነሳ። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይምጋል። ቤቱ አየር ሲያጥረው ባለው ቀዳዳ ሁሉ ከውጭ ይስባል። ይኸው ነው ብልሃቱ።

የሚፈርደው ግን ማራገቢያው አይደለም። መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች፤ የግፊት መለኪያ ናት፣ ቁጥር በፊቷ ላይ ይበራል። ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦ ይወጣላታል። አንዱ ውጭውን ያዳምጣል፣ አንዱ ውስጡን። የሁለቱን ወገን ሰምታ ልዩነቱን ትናገራለች። እንደ ደህና ሽማግሌ በላት። ልዩነቷ ደግሞ ጠላ አትጠጣም፣ ዘመድም የላትም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሰላምታ ፈጀው። በእኛ አገር ሰው ያለበትን ቤት ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ማራገቢያው ሲጮህ የሰማ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ይመጣል። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊደርስ ሲል አንዱ ሸራውን ገልጦ ራሱን ያስገባል። «እንዴት ዋላችሁ! እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!» ቁጥሩ ዜሮ። እንደገና ይጀመራል። ሌላው ይገልጣል። «ደህና ናችሁ? ከብቱ፣ አዝመራው?» ዜሮ። ሦስተኛው ቄስ ናቸው፤ ቤቱን ሳልባርክ አልሄድም አሉ። ቄስ በምን አፍህ ትከለክላለህ? ትዕግስት ግንባሯን ሳጥኗ ላይ ደፋች። በኋላ ሰይድን ውጭ አቆምነውና የመጣውን ሰላምታ ሁሉ እሱ በወኪልነት ይቀበል ጀመር።

ያም ሆኖ ቁጥሩ አልቆም አለ። ይዘላል፣ ይወርዳል። የውጭውን ቱቦ ጫፍ አየሁት፤ ንፋሱ ያወዛውዘዋል።

«ነገ ጠዋት» አልኳት።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

«ንፋሱ ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው። ጠዋት ተኝቶ ታገኝዋለሽ።»

በዚያ ቀን የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ትዝ ይለኛል፣ ሳቀችና ማራገቢያውን አጠፋችው።

በማግስቱ በጠዋት ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ። አሥራ አራት ይላል። በዚህ ግፊት የቤቱ አየር በአንድ ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ ይለዋወጣል ማለት ነው አለች ትዕግስት። ለማለፍ ከአምስት መብለጥ የለበትም።

ሰይድ አንገቱን ነቀነቀ። «አያ ሙጬ፣ ጭቃ ጭቃ ነው። ምን ያድርጉ አንቱ!» አለና ስልኩን አወጣ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል። ሲሚንቶውን ነገ ጫኑ ሊል ነው።

እኔም ባልተለመደ ሁኔታ አፌን ከፈትኩ። «ቆይ! እስከ ማታ ስጠኝ። በግድግዳዬ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። በአባቴ አጥንት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዝምተኛ ሰው ክፉ ጠባዩ ይኸ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ ቆጥቦ አንድ ቀን መሐላ ያወጣል።

ትዕግስት ቀዳዳ መፈለጊያ ጭስ የሚያወጣ ዕቃ ነበራት፤ መንገድ ላይ አልቆባታል። እኔ ከኪሴ ጧፍ አወጣሁ። ማራገቢያው ሲምግ ጧፉን ከግድግዳው ጥግ ጥግ አስኬደዋለሁ። ነበልባሉ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ከተኛ ከፊቱ ንፋስ አለ።

ደፉ ላይ ሲደርስ ነበልባሉ ለጥ አለ። የአናጢው ሥራ ነው። ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት፤ ቁጥሩ አሥራ አንድ። መስኮቱ ዙሪያ ነበልባሉ ጎነበሰ፤ እሱም አናጢው ነው። ጭቃ ሞላሁት፤ ስምንት። የመብራት ገመድ ያለፈበት ቱቦ ጧፉን እፍ ብሎ አጠፋው። ደፈንኩት፤ ስድስት። ትዕግስት ቁጥሩን በጠራች ቁጥር እንደ ሠርግ ቤት እልል ማለት ነበር የቀራት። ሰይድ ከውጭ «ስንት ደረሰ?» ይላል፣ ስልኩ በእጁ ነው።

ከዚያ ግድግዳዬን ያዝኩ። ስንዝር በስንዝር። ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ነበልባሉ እንደ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆሟል። «አባባ፣ ግድግዳዎትማ ወርቅ ነው!» አለች ልጅቱ። ግን ስድስት ነው። ከስድስት ንቅንቅ አላለም። ኮርኒሱን ፈተሸች፣ ወለሉን ፈተሸች። የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። አንዲት ጥግ ዘልያለሁ። አውቄ ነው የዘለልኩት።

አባቴ ልጅ ሆኖ፣ አዲስ በተመረገ ቤት ውስጥ ብርድ ቢጸናባቸው ቤተሰቡ የከሰል ማንደጃ አስገብተው ተኙ። በከሰሉ ጭስ ታፍነው፣ ጠዋት ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ነው እየጎተተ ያወጣቸው። እግዜር አተረፋቸው። አባቴ ከዚያ ወዲህ በመረገው ቤት ሁሉ ከጣሪያው ሥር፣ ከወራጁ ጀርባ፣ ሰው የማያይበት ቦታ፣ አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ ይተዋል። «ሰው አፍንጫ አለው። ቤትም ይኑረው» ይል ነበር። ለባለቤቱ አይናገርም፤ ቢናገር ድፈነው ይሉታል። እኔም እንደ እሱ ተውኩ። ስንት ቤት! ለማንም አልነገርኩም። ማን ጠየቀኝ?

እና በአባቴ አጥንት ምዬ፣ የአባቴ ቀዳዳ ያዘኝ።

ዝም ልል እችል ነበር። ዝምታ ሙያዬ ነው። ግን ያቺ ሳጥን ስድስት እያለች ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መሰላሉን አስጠጋሁ። ጧፉን ይዤ ወጣሁና ከወራጁ ጀርባ አስገባሁት። ነበልባሉ ፊቴ ላይ ተኛ፤ ቅንድቤን ለበለበኝ።

«እዚህ ነው። እኔ ነኝ የተውኩት።»

ሰይድ ሸራውን ገልጦ ገባ። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ ማንም ልብ አላለ። «እንዴ! አያ ሙጬ! ወላሂ አላምንም! ራስዎ በስተው፣ ራስዎ ምለው፣ ራስዎ አገኙት? ከሳሹም ምስክሩም አንቱ!»

የአባቴን ነገር በአጭሩ ነገርኳቸው። ሰይድ ስልኩን በእጁ አገላበጠ። ከዚያ «መሐላው ግን መሐላ ነው» አለ።

ትዕግስት መጀመሪያ ይደፈን አለች፤ ልለካ። ጭቃ በጣቴ ጠቀጠቅኩ። ሰይድ ወጣ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ማራገቢያው ጮኸ። አራት ከምናምን። አለፈ!

እኔ ግን ደስታ አልተሰማኝም። ከመሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ ከየት ማፍረስ እንደምጀምር አሰብኩ። የማለ ሰው ያፈርሳል። ከመስኮቱ በኩል ይሻላል ብዬ ዶማ ጠየቅኩ።

ትዕግስት ዶማውን ችላ ብላ በግድግዳው ዙሪያ ትዞራለች፣ ወደ ላይ ታያለች፣ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። «ቤቱ አሁን ጥብቅ ሆኗል» አለች። «እንዲህ የጠበቀ ቤት ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይተኛም። መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ...»

ቃሏን አልጨረሰችም። የእርሳሱ ጫፍ ከወራጁ ጀርባ ካለው እርጥብ ጭቃ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። እሱን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ሳቅ ይዟት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እንባዋን ስትጠርግ ፍርድ ሰጠች። «አባባ፣ በእጄ አፈርሳለሁ ብለዋል አይደል? ያችን ጭቃ ያፍርሷት። እሷም ከግድግዳው ናት።» ወደ ሰይድ ዞረች። «በቂ ነው?»

ሰይድ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «በቂ ነው» አለ፣ እያዘነ። ወጣሁና አውራ ጣት የምታክለውን ጭቃ በገዛ እጄ አፈረስኳት። መሐላዬ ተፈጸመ። እሷም በቀዳዳው ክዳን ያለው አጭር የፕላስቲክ ቱቦ አስገባችበት፤ ሲፈለግ ይከፈታል፣ ቀዝቃዛ ንፋስ ሲበረታ ጠበብ ይደረጋል። «የአባትዎ ቤት አፍንጫ ነበረው፣ መሐረብ አልነበረውም» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው። አባቴ ቢሰማ ይቀበላት ነበር።

ሆን ተብሎ የተሠራ መተንፈሻ በፈተናው አይቆጠርም ብላ አሳለፈችን፤ ስምንቱን ክፍል ሰጡኝ።

ቤቴ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወዳጄ፣ በትዳሬ ዘመን ሁሉ ያልተናገርኩትን ያን ዕለት ተናገርኩ። ማራገቢያውን፣ ሳጥኗን፣ ቄሱን፣ አባቴን፣ ሁሉን። በመጨረሻም ደረቴን ነፍቼ «ይኸው! በማሽን ተመረመረ። ቤት መተንፈስ አለበት!» አልኳት።

ይታይሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከኪሴ ጧፉን ወሰደች። ለኮሰችና ወደ ግድግዳችን ሄደች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ጠፋ። እንደገና ለኮሰችና በሌላው በኩል ሄደች። ጠፋ። ሦስተኛውን በጓሮ በኩል ሞከረች፤ እሱም ጠፋ።

ጨለም ባለው ቤት ውስጥ ቆማ ዞር ብላ አየችኝ። «መልካም» አለች። «እንግዲህ አፍንጫው የቱ እንደሆነ አሳየኝና እሱን ብቻ ተውልኝ።»

ሰይድ ስምንቱ መቼ ይጀመራል እያለ በየቀኑ ይደውላል። ጭቃ እያቦካሁ ነው እለዋለሁ። ለማን ቤት እንደሆነ አልነገርኩትም። ማን ጠየቀኝ?