ትርንጎ በብረቱ ብስክሌት የወጣችው ዳገት

ሜዳ ላይ ሁላችንም ጎበዞች ነን። እንደኛ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ሜዳ የሚባለው ከአንዱ ዳገት ወደ ሌላው እስኪደርሱ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማማረጡ በፊት አንዴ ብድግ ቢያደርገው ይሻለዋል። ሻጩ የደበቀዎትን ክንድዎ ይነግርዎታል።

የእኔዋ ብስክሌት ወፍራም ብረት ናት። ቁልቁለት ላይ አቻ የላትም፤ ኮረት ቢሉ ጉድጓድ፣ መንገዷን ይዛ ትወርዳለች፣ ነፋስ አይነቀንቃትም። ሽቅብ ሲሆን ግን እኔ እሷን ተሳፍሬ ይሁን እሷ እኔን ተሳፍራ መለየት ያስቸግራል። ያም ሆኖ እኮራባት ነበር። ከባድ ነገር ሁሉ ቁም ነገር ይመስለኛል።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከዐረብ አገር ተመልሳ የገዛችው ብስክሌት ደግሞ ላባ ነው። በእሱ ገጠር እየወረደች ከባላገር ሴቶች እንቁላል ትሰበስብና ለከተማው ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። እንጀራዋ ነው። አባታችን ግን አልወደዱትም። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ በገበያ መሀል ስታልፍ ሰው ይስቃል አሉ፤ ጠርተውኝም፣ ታላቅ ወንድሟ ነህና አስተዋት ብለው አዘዙኝ።

መከርኳት፣ ሳቀች። ተቆጣሁ፣ አሁንም ሳቀች። በመጨረሻ ከጋፋት ኮረብታ ሥር ካለው ወንዝ እስከ ከተማው መግቢያ እንወዳደር፣ ከቀደምኩሽ ትሸጭዋለሽ፣ ከቀደምሽኝ አባባን የማሳምን እኔ ነኝ አልኳት። እሺ አለች። ወዲያው የብረቷ ክብደት ትዝ አለኝና፣ ያንቺ ቀላል ስለሆነ ውድድሩ ፍትሕ የለውም ብዬ ማፈግፈግ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው እንቀያየር» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር ተነሣን። አይ፣ ቀላል ብስክሌት! ፔዳሉን ገና ስነካው ወደፊት ዘለለ። የኔዋ ብትሆን ትእዛዜን ሰምታ፣ አስባበት፣ ከዚያ ነው የምትንቀሳቀሰው። ይኼኛው ሳላዘውም ይታዘዛል። ደስታው አሰከረኝና የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ጎረምሳ በረርኩበት። ዞር ብዬ ሳይ ትርንጎ ከታች ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩልም ሳትቆምም ትመጣለች። አዘንኩላት።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ዳገት ሥር ደርሶ ለበቅሎ ገብስ ቢሰጧት አይረዳትም ይባላል፤ ለካ ብስክሌቱ ቀለለ እንጂ እኔ አልቀለልኩም። ከኋላዬ ብረቷ ስታቃስት ሰማሁ። እህቴ ከኮርቻው ተነሥታ፣ ቆማ እየረገጠች አለፈችኝ። ፊቷ ላይ ላብ እንጂ ጭንቀት አልነበረም።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ከተማው መግቢያ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው አልኳት።

«የሠራሁበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው» አለች። «አሳንሰሩ ለሠራተኛ አይፈቀድም ነበር። ውሃውንም ጋዙንም ሰባት ዓመት በትከሻዬ ነው ያወጣሁት።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለን የደበቀችን ይህን ኖሯል። አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሼን ሰበሰብኩና፣ ተነሥተን ከተማው ውስጥ አብረን ገባን፤ በገበያው መሀል፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። የሚስቅ ካለ በኔ ይሳቅ።

አባባ በር ላይ ጠበቁኝ። ቀደምካት ወይ አሉኝ። ቀደመችኝ አልኳቸው። ቀላሉ ነዋ የረዳት አሉ።

«የለም አባባ፣ እሷ በብረቱ ነው የወጣችው።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ ቤት ገቡ። ስለ መሸጥ ዳግመኛ አላነሡም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለባልንጀሮቻቸው ሲተርኩ ሰማኋቸው። በዚያ እሑድ በትረካቸው ውድድሩ ከጋፋት ነበር የተነሣው። ከዚያ ወዲህ ግን መነሻው በየሳምንቱ እየራቀ፣ አሁን ከሩቁ ጣራ ገዳም ሆኗል። አንዴ ላርማቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ልጄ ትርንጎ» ሲሉ አንገታቸው ቀና ሲል አየሁና መልሼ ዘጋሁት። እንዲያውም አንዱ ሽማግሌ ተጠራጥረው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እውነት ነው፣ እኔም ነበርኩ ብዬ መሰከርኩ።