የ«ማክሰኞ ከሰዓት» ተርጓሚ

ተርጓሚው: ፊደሉን ቁጠር ነው የምልህ! ማ፣ ክ፣ ሰ፣ ኞ፤ አራት። ከ፣ ሰ፣ ዓ፣ ት፤ አራት። አራት ለአራት! ይኼ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ነው ልትለኝ ነው?

ቀሰስ: እኔ መቼ ተናገርኩ?

ተርጓሚው: እሱ ነዋ ችግርህ! አገር ምድሩ የዘፈኑን ርእስ ሲፈታ አንተ እንደ ወንበር ቁጭ ብለሃል።

[ይህ ሁሉ ጩኸት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ለምሳ ሩብ ጉዳይ። የሚጮኸው ወረቀት ቆራጭ ነው። «ተርጓሚው» ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ምን ያድርጉ! አለቃ ሲያስል ሳሉን ይተረጉማል፣ ማሽን ሲንተፋተፍ መንተፋተፉን ይተረጉማል፣ ሰው «ደህና አደርክ?» ካለው «ምን ማለቱ ነው?» እያለ እስከ ምሳ ይብሰለሰላል። ሌላኛው ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፍ አቀናባሪ ነው። ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ስለሆነ «ቀሰስ» ተባለ። ሞኝ ነው የሚሉትም አሉ፤ ከሁሉ አብዝቶ የሚለው ደግሞ ተርጓሚው ነው። ዛሬ ግን ቀሰስ ከጠዋት ጀምሮ ሊያወጣው የሚታገለው አንድ ነገር አለ።]

ቀሰስ: እኔ እኮ ይኼን የአልበም ሽፋን ሳቀናብር...

ተርጓሚው: ቆየኝማ! ሽፋኑን ካነሳህ አይቀር፣ ይቺን ጥቁር ነጥብ አየሃት? ሽፋኑ ላይ ከተሣለው መስኮት ግርጌ ያለችውን?

ቀሰስ: አየኋት። ቀለም ናት።

ተርጓሚው: ዕንባ ናት!

ቀሰስ: ቀለም ናት። ማሽኑ ያንጠባጥባል። ባለፈው የሠርግ መጥሪያ ላይም አንጠባጥቧል።

ተርጓሚው: እና እዚያስ ያለቀሰ ሰው እንደሌለ በምን አወቅህ?

[ቀሰስ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው።]

ተርጓሚው: ቆይ፣ ዘፈኑን ሰምተኸዋል አይደል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ማክሰኞ» የሚል ቃል አለበት?

ቀሰስ: የለበትም።

ተርጓሚው: «ከሰዓት» የሚልስ?

ቀሰስ: የለበትም። እኮ ለምን እንደሌለበት ልነግርህ...

ተርጓሚው: ቆየኝማ! ስለሌለበት ነው ምስጢር የሆነው! ቢኖርበትማ የአንተ ቢጤም ይፈታው ነበር።

ቀሰስ: እሺ።

ተርጓሚው: «እሺ» ይለኛል! ለአንተ ጨዋታ ነው። ሚስቴ ጥላኝ እናቷ ቤት ከገባች ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ይኼን ዘፋኝ እንዴት እንደምትወደው ታውቃለህ፤ እኔን ስታገባ እንኳ «ድምፅህ እሱን ይመስላል» ብላ ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ዘፋኙ ራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ይገባል። የርእሱን ትርጉም በትክክል ለተናገረ ሁለት ትኬት፣ ለእሑዱ ዝግጅት! ሁለቱን ትኬት ይዤ አማቴ በር ላይ ስቆም ማን ነው የሚመልሰኝ?

ቀሰስ: አማትህ።

ተርጓሚው: አፍህ አይበለው!

ቀሰስ: ለመሆኑ ለምንድን ነው የሄደችው?

ተርጓሚው: እሱ ነው የማይገባኝ! አንድ ቀን ራት ላይ ሆነን ርእሱን እያብራራሁላት፣ በመሐል «ጨው አቀብለኝ» አለችኝ። «ጨው ስትይ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አልኳት። እንደዚህ ትኩር ብላ አየችኝና ተነስታ ልብሷን ሸከፈች።

ቀሰስ: ጨውስ?

ተርጓሚው: የምን ጨው?

ቀሰስ: አቀበልካት?

ተርጓሚው: ሰውዬ፣ ትዳር ፈርሷል እያልኩህ ስለ ጨው ታወራኛለህ?

[ቀሰስ አዘነለት። ሰውየው ለፍላፊ ይሁን እንጂ ሚስቱን ይወዳታል፤ ከሄደች ወዲህ ሸሚዙን እንኳ አዛንፎ ነው የሚቆልፈው።]

ቀሰስ: በል ትርጉምህን ንገረኝና እኔም የማውቀውን ልንገርህ።

ተርጓሚው: አንተ የምታውቀውን! [ሳቀ።] በል ስማ። ሰኞ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ የሚምልበት ቀን ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም! ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም!» ሰኞን እንደ ምንም ጥርሱን ነክሶ ይውላታል። ማክሰኞ ጠዋትንም ይገፋታል። ማክሰኞ ከሰዓት ሲሆን... ጧ! መሐላው ተበጠሰ። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት ማለት የሰው ልጅ ቃሉን የሚያጥፍበት ሰዓት ማለት ነው! ዘፈኑም ቃሏን ስላጠፈች ሴት ነው። አለቀ!

ቀሰስ: ያምራል።

ተርጓሚው: ያምራል ብቻ?

ቀሰስ: ልክ አይደለም እንጂ ያምራል።

ተርጓሚው: ልክ አይደለም! እሰይ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! በሉ ሊቀ ሊቃውንት ቀሰስ ይናገሩ፤ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንማራለን።

ቀሰስ: ርእሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ተርጓሚው: አንተማ ትጽፈዋለህ፤ ለሱ አይደል ደመወዝ የሚከፈልህ?

ቀሰስ: አወጣሁት ነው የምልህ። ዘፋኙ ባመጣው ወረቀት ላይ የዘፈኑ ርእስ «አልጠብቅሽም» ነበር። በእርሳስ፣ እንደ ጉንዳን በቀጠነ ጽሑፍ። አለቃ ደግሞ እንደ ልማዱ ሥራው የሚወሰድበትን ቀን በዚያ በወፍራም ቀይ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ዘረገፈበት።

ተርጓሚው: ምን ብሎ?

ቀሰስ: «ማክሰኞ ከሰዓት» ብሎ።

[ተርጓሚው ከጠረጴዛው ላይ ሽፋኑን አነሳ።]

ተርጓሚው: እና አንተ...

ቀሰስ: የዚህ ቤት ሕግ ምንድን ነው?

ተርጓሚው: «ትልቁን ከላይ፣ ትንሹን ከታች፣ ጥያቄ የለም።»

ቀሰስ: አልጠየቅሁም። ትልቁን ከላይ አደረግሁት።

ተርጓሚው: «አልጠብቅሽም»ስ የት ገባ?

ቀሰስ: ከታች አለልህ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ አጠገብ።

[ተርጓሚው ሽፋኑን ዓይኑ ላይ ለጥፎ አየ።]

ተርጓሚው: ይኼ... ይኼ አለቃ ለዘገየች ደንበኛ ያወጣው ማስጠንቀቂያ መስሎኝ!

ቀሰስ: ሁሉም ሰው እንደዚያ መስሎታል። ሦስት ሺውን ሽፋን የቆረጥከውም አንተ ነህ።

ተርጓሚው: ዘፋኙስ ሲያየው አላበደም?

ቀሰስ: ሦስት ጊዜ አነበበው። አለቃ ላብ በላብ ሆነ፤ እኔም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ይኼኔ አብሮት የመጣው ጓደኛው «ወይ ጥልቀት!» አለ። ዘፋኙ ጓደኛውን አየ፣ ሽፋኑን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «አዎ፣ ብዙ አስቤበታለሁ» አለ። ወስዶት ሄደ።

ተርጓሚው: እኔ ያኔ የት ነበርኩ?

ቀሰስ: መቁረጫው ጋ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ደመና ታብራራ ነበር።

ተርጓሚው: እና ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?

ቀሰስ: መቼ ዝም አልኩ? አፌን ስከፍት «ቆየኝማ» ትለኛለህ።

ተርጓሚው: [ብድግ ብሎ] ስልኬን! ስልኬ የት አለች? ተገላገልኩ! እውነቱን ያገኘሁ አንድ እኔ ነኝ! በዓለም ላይ አንድ እኔ!

ቀሰስ: ሁለት ነን።

ተርጓሚው: አንተ አትቆጠርም።

ቀሰስ: ስማኝ እስቲ፣ ይኼን በሬዲዮ እንዳትናገር። ሰውየው እዚያው ተቀምጧል። ያ ሁሉ ሰው እየሰማው «አዎ፣ ስሜታችሁን የነካው የማተሚያ ቤት ቀጠሮ ነው» የሚል ይመስልሃል? ያቺን የሰኞዋን በል። እሷ ታምራለች።

ተርጓሚው: እውነት በእጄ ይዤ ተረት ልናገር? አየህ፣ ዕድሜህን ሙሉ አቀናባሪ ሆነህ የቀረኸው ለዚህ ነው።

ቀሰስ: እሺ፣ የእኔን ስም ግን አታንሳ።

[ተርጓሚው አልሰማውም፤ ቁጥሩን እየመታ ነው። ቀሰስ የጠረጴዛውን ሬዲዮ ከፈተ። አምስት ደዋይ አለፈ። አንዱ ማክሰኞ የዘፋኙ የልደት ቀን ነው አለ፤ አንዷ የዓለም ፍጻሜ ነው አለች። ዘፋኙ ለሁሉም «ተቃርባችኋል» አላቸው፤ ሰውየው ራሱም መልሱን እየጠበቀ ይመስላል። ስድስተኛው የእኛ ሰው ሆነ።]

ሬዲዮው: ሃሎ፣ ወንድማችን፣ መስመር ላይ ነዎት። «ማክሰኞ ከሰዓት» ምን ማለት ነው?

ተርጓሚው: ምንም ማለት አይደለም! ስህተት ነው! ሥራው የሚወሰድበት ቀን ነው! ትክክለኛው ርእስ ሌላ ነበር፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የተሳሳቱት! እዚያው ስለምሠራ አውቃለሁ!

[ከሬዲዮው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የዘፋኙ መረዋ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ቀጥኗል።]

ዘፋኙ: ወንድሜ፣ የሚቀልድ ሰው ደስ ይለኛል። አንዳንድ ሰው ግን ጥበብን ከቀጠሮ ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ቀጣይ።

[መስመሩ ተዘጋ። ተርጓሚው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።]

ተርጓሚው: ካደ! ዓይኔ እያየ ካደ!

ቀሰስ: እስ! ሌላ ደዋይ ገብቷል።

ሬዲዮው: ሃሎ እህታችን፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

ሚስት: [በሬዲዮ] ሰኞ ሰው ሁሉ የሚምልበት ቀን ነው። ማክሰኞ ጠዋትን እንደ ምንም ይገፋታል። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ግን መሐላው ይበጠሳል። የሰው ልጅ ቃሉን የሚያጥፍበት ሰዓት ነው።

[ተርጓሚው ወረቀት ክምር ላይ ዘፍ አለ።]

ተርጓሚው: እሷ ናት! ሚስቴ ናት! ትርጉሙም የእኔ ነው! ሌባ!

ዘፋኙ: [እፎይ ባለ ድምፅ] ልክ ነው። በትክክል። ይህን... ይህን ነው ያሰብኩት። ከልቤ አውጥተሽ ተናገርሽው፣ እህቴ።

ሬዲዮው: እንኳን ደስ ያለዎት! ሁለቱ ትኬት የእርስዎ ነው! ይህን የመሰለ ትርጉም ከየት አመጡት?

ሚስት: ባሌ ነው ያስተማረኝ። ሲነጋ ማክሰኞ፣ ሲመሽ ማክሰኞ፤ ጆሮዬ እስኪደማ ሰምቼዋለሁ። ከቤቴ ያስወጣኝም ይኸው ትርጉም ነው።

ሬዲዮው: ታዲያ እሑድ ከእሳቸው ጋር ነዋ የሚመጡት?

ሚስት: ከእኔ በፊት የደወለውን ሰውዬ ሰማችሁት? ድምፁን የትም አውቀዋለሁ። እኔን ያን ያህል ያሰቃየበትን ነገር ዛሬ «ምንም ማለት አይደለም» ካለ፣ እኔ ታዲያ በምን ዕዳዬ ነው የተሰቃየሁት? እናቴን ይዤ እሄዳለሁ።

ሬዲዮው: እናት ደግ ናት! በሉ መልካም...

ሚስት: አንድ ነገር ልጨምር። ዝግጅቱ ሲያልቅ መሸት ይላል። እናቴ እግሯን ያማታል፤ በር ላይ ጠብቆ እጇን ይዞ ቤት የሚያደርሰን ሰው የለንም። ይኼው ነው፤ አመሰግናለሁ።

[ሬዲዮው ዘፈኑን ለቀቀ። ቀሰስ ዘጋው፤ ለአንድ ቀን በቂ ነው።]

ተርጓሚው: ሰማህ? «እናቴን ይዤ» አለች! እናት ማለት መነሻ ናት፤ መነሻ ደግሞ ቤት ነው፤ ቤት ስትል እንግዲህ...

ቀሰስ: እናቷን ማለቷ ነው።

ተርጓሚው: [ራሱን ይዞ] አለቀልኛ! ሞኙስ እኔ ነኝ። ውሸቴን ብናገር ትኬቱን አገኝ ነበር፤ እውነቱን ተናግሬ ሚስቴንም ትርጉሜንም አጣሁ።

ቀሰስ: በመጨረሻ ያለችውን አልሰማህም?

ተርጓሚው: ስለ እናቷ እግር? እሱ ምን ትርጉም አለው? የመጓጓዣ ጉዳይ ነው።

[ቀሰስ እዚህ ቤት ተቀጥሮ ሲጮኽ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።]

ቀሰስ: አንተ ሰው! በደህና ቀን ከነፋስ ምስጢር የምትፈለቅቅ! ድምፅህን ከሰማች በኋላ፣ አገር እያዳመጠ፣ «በር ላይ የሚጠብቀን የለንም» ስትል ለማን የነገረች ይመስልሃል? ለታክሲ ነጂዎች ማኅበር?

[ተርጓሚው ከወረቀቱ ክምር ላይ ብድግ አለ። ዓይኑ ውሃ ሞላ።]

ተርጓሚው: ለ... ለእኔ?

ቀሰስ: እሑድ ሳይመሽ ሄደህ በሩ ላይ ቁም። አማትህን በቀኝ በኩል ደግፋት።

ተርጓሚው: ለሚስቴስ? ለሚስቴ ምን ልበላት?

ቀሰስ: ምንም።

ተርጓሚው: «ምንም» ስትል እንግዲህ...

ቀሰስ: ምንም!